ሆድ ከገፋ በኋላ መንቀሳቀስና መጓዝ፦ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሰባተኛ ወር ከገባሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ተቀመጪ፣ አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ" ይለኝ ነበር፣ እኔም ከፍቅር ስለሆነ እሺ እያልኩ ተቀመጥኩ። ስምንተኛው ወር ላይ ወገቤ ከወንበር ስነሳ አልቃና ይለኝ ጀመር፣ ማታ ማታ እግሬ አብጦ የካልሲዬ ላስቲክ ቦይ ሰርቶበት ይታያል፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ግን የምትከታተለኝ አዋላጅ ካርዴን አገላብጣ አየችና "አንቺን የሚከለክልሽ ነገር የለም እኮ፣ ለምንድነው የምትቀመጪው?" አለችኝ፣ በዛው ቀን መራመድ ጀመርኩ፣ እስከ 39ኛው ሳምንት አላቋረጥኩም፣ መሀል ላይ በ33ኛው ሳምንት በአውሮፕላን ሁሉ ሄጃለሁ። ስለዚ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ያለሽ እህቴ፣ መንቀሳቀስም መጓዝም ይቻላል፣ ግን እንደድሮው ብድግ ብሎ መሄድ አይሆንም፣ ቀድሞ የሚጠየቅ አለ፣ ቀድሞ የሚያዝም አለ። በተራ በተራ ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ያንቺን እርግዝና አስመርምሪ

ጎረቤትሽ እስከ ምጧ ቀን ሮጣ ሊሆን ይችላል፣ ያ ላንቺ ምንም ማለት አይደለም። ክትትል ስትሄጂ "ስፖርት መስራት እችላለሁ?" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ምክንያቱም መልሱ ብዙ ጊዜ "አዎ ቀስ ብለሽ" ነው የሚሆነው። እንደዚ ብለሽ ጠይቂ፦ "እኔ ላይ እንዳልንቀሳቀስ ወይ እንዳልጓዝ የሚከለክል ነገር አለ? የእንግዴ ልጁ የት ነው የተቀመጠው? ግፊቴ ስንት ነው? የደሜ መጠንስ?"

የሚከለክሉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የእንግዴ ልጁ ወደታች ወርዶ የማህፀን በሩን ሸፍኖ ከሆነ፣ ደም ከታየሽ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ከጀመረ፣ በእርግዝና ምክንያት የመጣ የደም ግፊት ካለብሽ፣ የማህፀን በርሽ አጥሮ ወይም ተሰፍቶ ከሆነ፣ ያለጊዜው ምጥ ሞክሮሽ ከሆነ፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም ከባድ የልብና የሳንባ ችግር ካለብሽ እዚህ ከጻፍኩት የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ውስጥ ምንም ነገር በራስሽ አትጀምሪ፣ የሀኪምሽን ብቻ ስሚ። መንታ ከሆነም ገደቡ ሌላ ነው፣ ጉዞው ላይ እመለስበታለሁ።

ከነዚህ አንዱም ከሌለብሽ ግን "ለማንኛውም ተኚ" የሚለው ምክር ይጎዳሻል። ያለ ምክንያት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል፣ ደም እግር ላይ እንዲረጋም ያጋልጣል፣ እርጉዝ ሴት ደሞ ድሮም ደሟ ከሌላ ሰው ቶሎ የመርጋት ባህሪ አለው።

2. ሰውነትሽ ምን እንደተቀየረ እወቂ

ሆድሽ ወደፊት ሲወጣ የሰውነትሽ ሚዛን አብሮ ወደፊት ይሄዳል፣ ወገብሽ ያንን ለመመለስ ወደኋላ ይጎብጣል፣ የወገብ ህመሙ ከዛ ነው የሚመጣው። መገጣጠሚያዎችሽ ደሞ በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ይላላሉ፣ ስለዚ በድንገት መዞር፣ መዝለል፣ ተንጠራርቶ እቃ ማውረድ ቶሎ ወለም ሊያደርግሽ ይችላል። ማህፀኑ ሳንባሽን ከስር ስለሚገፋው ትንፋሽ ቶሎ ያጥርሻል፣ ይሄ ኖርማል ነው።

አንዱን ግን በደንብ ያዢልኝ። በጀርባሽ ተንጋለሽ ስትተኚ የማህፀኑ ክብደት ከእግርሽ ወደ ልብሽ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም ስር ይጫነዋል፣ ያኔ ያዞርሻል፣ ላብ ላብ ይልሻል፣ ወደ ልጁ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። ስለዚ ከአሁን በኋላ በጀርባ ተኝቶ የሚሰራ ስፖርት የለም፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ እንቅልፍም በጎን ነው፣ ግራም ይሁን ቀኝ። ሌሊት ነቅተሽ በጀርባሽ ብትገኚ አትደንግጪ፣ ዞር ብለሽ ተኚ በቃ።

3. እርምጃ

የአለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ችግር የሌለባት እርጉዝ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይላል። 150 ሲባል ብዙ ይመስላል ግን በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው፣ 30ውንም ሶስት ቦታ ቆርጠሽ ጠዋት 10፣ ከሰዓት 10፣ ማታ 10 ማድረግ ይቻላል። እኔ ከ34ኛው ሳምንት በኋላ እንደዛ ነበር የማደርገው ምክንያቱም 30 ደቂቃ በአንዴ ስሄድ ታችኛው ሆዴ ይከብደኝ ነበር። ከዚ በፊት ምንም ካልሰራሽ ደሞ በ10 ደቂቃ ጀምሪና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ።

ፍጥነቱን በምን ታውቂዋለሽ? በወሬ። እየሄድሽ ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ከቻልሽ ልክ ነሽ፣ ሁለት ቃል ተናግረሽ መተንፈስ ካስፈለገሽ ቀንሺ። የልብ ምት በሰዓት መቁጠር አያስፈልግሽም፣ በእርግዝና ምቱ ራሱ ስለሚጨምር ያሳስትሻል።

ጫማሽ ዝቅ ያለ፣ የማያዳልጥ፣ ከድሮው ቁጥር ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን፣ እግር ማታ ስለሚያብጥ ጫማ የምትገዢ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሞክሪው። መንገድሽን ስትመርጪ መቀመጫና ሽንት ቤት ያለበትን ምረጪ፣ በጠራራ ፀሀይ አትውጪ፣ ውሃ ያዢ። ከባድ ቁልቁለት ሲሆን እርምጃሽን አሳጥሪ፣ እግርሽን ማየት ስለማትችዪ ደረጃ ላይ መደገፊያውን ሁሌም ያዢ።

ዋና የምትችዪ ከሆነ በጣም እድለኛ ነሽ፣ ውሃው ሆድሽን ይሸከምልሻል፣ ወገብሽ እረፍት ያገኛል። ሙቅ ገንዳና ሳውና ግን ይቅርብሽ፣ የሰውነት ሙቀት ከልክ በላይ መጨመሩ ለልጁ ጥሩ አይደለም።

4. ቤት ውስጥ የሚሰሩ

እነዚህ 15 ደቂቃ አይፈጁም፣ እኔ ጠዋት ነበር የምሰራቸው።

ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፦ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ፣ እግርሽን በትከሻሽ ልክ ከፈት አድርገሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ስትነሺ ትንፋሽ አስወጪ፣ ትንፋሽ ይዘሽ አትግፊ።

ግድግዳ መግፋት፦ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀሽ ቁሚ፣ መዳፍሽን ደረትሽ ትይዩ አድርገሽ ክርንሽን እጠፊና መልሺ። ከወሊድ በኋላ ልጅ ለምትሸከም ክንድ ይጠቅማል።

በአራት እግር፦ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበትሽ ሁኚ፣ ትንፋሽ ስታስወጪ ጀርባሽን እንደ ድመት ወደላይ አጉብጪ፣ ስታስገቢ ቀጥ አድርጊው፣ ወደታች አታስረግጪው። ወገቤን ከምንም በላይ ያሳረፈኝ ይሄ ነው፣ ማታ ከመተኛቴ በፊትም እደግመው ነበር።

ኬግል (የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ)፦ ይሄን አትዝለዪው። የዳሌ ወለል ጡንቻ ማለት ፊኛሽን፣ ማህፀንሽንና አንጀትሽን ከስር የሚሸከም ጡንቻ ነው፣ ሲደክም ስታስነጥሺና ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል። ተቀመጪ፣ ሽንትሽንም ጋዝሽንም በአንዴ ልትይዢ እንደሆነ አስቢና ወደውስጥና ወደላይ ሳቢ፣ ቂጥሽንና ጭንሽን ሳትጨምቂ፣ እየተነፈስሽ። 5 ሰከንድ ያዢ፣ 5 ሰከንድ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ፣ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ አሳድጊው። ከዛ 10 ፈጣን ፈጣን። በቀን 3 ጊዜ። ሽንትሽን እየሸናሽ እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂው፣ ፊኛን በደንብ እንዳይጨርስ ያደርገዋል። መልቀቁም ልክ እንደመሳቡ ልምምድ ነው፣ ልጅ ሲወለድ የምትፈልጊው እሱን ስለሆነ መልቀቁ ላይ አትቸኩዪ።

ዳሌሽ ፊት ለፊት አጥንቱ ላይ ወይም ከኋላ ሲራመዱ የሚወጋ ህመም ካለ ደሞ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ሱሪ ቁጭ ብለሽ ልበሺ፣ በአንድ እግር አትቁሚ፣ አልጋ ላይ ስትገለበጪ ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ዙሪ። ከአልጋ መነሳት ራሱ ስልት አለው፦ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ፣ እግሮችሽን ወደታች አውርጂ፣ በክንድሽ ገፍተሽ ተቀመጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተነሺ። ቀጥ ብሎ ከጀርባ መነሳት የሆድ ጡንቻ መሀል ለመሀል መለያየቱን ሊያባብሰው ይችላል።

የሚቀሩት፦ ሊጥልሽ የሚችል ነገር ሁሉ፣ ፈረስ፣ ኮረብታማ መንገድ ላይ ሳይክል፣ ሆድ ሊመታ የሚችል ኳስ፣ ውሃ ስር መጥለቅ፣ በሞቀ ክፍል የሚሰራ ዮጋ።

5. መቼ ታቆሚያለሽ

እየሰራሽም እየተጓዝሽም ከነዚህ አንዱ ከመጣ አቁሚና ወደ ህክምና ደውዪ ወይ ሂጂ፦ ደም፣ ከማህፀን የሚፈስ ውሃ፣ እረፍት አድርገሽ የማይጠፋና በየተወሰነ ደቂቃ እየጨመረ የሚመጣ ቁርጠት፣ የደረት ህመም፣ ገና ሳትንቀሳቀሺ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ ማዞር፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከባድ ራስ ምታት፣ አይን ብዥ ማለት ወይ ብልጭታ ማየት፣ ከጎድን ስር በቀኝ በኩል ህመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ሲሆን ደሞ የግፊት ምልክት ስለሆነ እስከ ነገ አይቆይም።

የውሸት ምጥ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሆድ ጥጥር ይላል ግን ጊዜው አይገጥምም፣ ቁጭ ስትዪ ወይም ውሃ ስትጠጪ ይተዋል። እውነተኛው ምጥ ብትቀመጪም ብትሄጂም አይተውም፣ እየተጠጋጋ እየበረታ ይመጣል።

6. ጉዞ፦ መሄድ አለብኝ ወይ?

ለጉዞ በጣም የሚመቸው ከ14 እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው፣ ካለፈ ግን ለቅሶም ሰርግም ስራም አይቀርም፣ መሄድ ሊኖርብሽ ይችላል። እኔ ትኬት ከመቁረጤ በፊት ራሴን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ምጥ እዛ ቢመጣብኝ የት ነው የምወልደው? የሆስፒታሉን ስም፣ ካረፍኩበት ያለውን ርቀት፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የሚያሞቁበት ክፍል እንዳለውና እንደሌለው ደውዬ ጠይቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ለዚ ጥያቄ መልስ የሌለው ቦታ ከ32ኛው ሳምንት በኋላ ባይኬድ ነው የምመክረው።

ወባ ወይም ዚካ (በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ቫይረስ) ያለበት ቦታ ከሆነ ሳትሄጂ በፊት ሀኪምሽን አማክሪ፣ ሁለቱም እርጉዝ ላይ ከሌላ ሰው የባሰ ጉዳት አላቸው። እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ህይወት ካለው ተህዋስ የሚሰሩ ክትባቶች በእርግዝና ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይሰጡም፣ መግቢያ ላይ ሲጠየቅ ሀኪም የመዘለያ ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ይችላል። ካልለመድሽው ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ቦታም በዚ ወቅት አትውጪ።

7. በመኪናና በአውቶብስ

ቀበቶ የግድ ነው፣ "ሆዴን ያፍነዋል" ብሎ መተው ልጁንም እናቱንም ነው የሚያጋልጠው። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ ስር፣ ጭንሽና ዳሌሽ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ የላይኛው በሁለቱ ጡቶች መሀል አልፎ በሆድሽ ጎን ይወርዳል። ሆድ መሀል ላይ መቼም አያልፍም። የምትነጂው አንቺ ከሆንሽ በመሪውና በደረትሽ መሀል ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ይኑር፣ ወንበሩን ወደኋላ ሳቢ፣ መሪውን ከሆድሽ ወደ ደረትሽ ቀና አድርጊው፣ ኤርባጉ አይጠፋም። እግርሽ ፔዳሉ ጋር ካልደረሰ ሌላ ሰው ይንዳ።

በየሁለት ሰዓቱ ውረጂ፣ 5 ደቂቃ ተራመጂ፣ ሽንትሽን አትያዢ። አውቶብስ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ለሹፌሩ "እርጉዝ ነኝ፣ መሀል ላይ መውረድ ያስፈልገኛል" በዪው፣ አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲነገረው ይተባበራል። ከጎማው በላይ ያለውንና የመጨረሻውን ወንበር አትያዢ፣ የሚያንገጫግጩት እነሱ ናቸው።

ትንሽ እንኳን ግጭት ከደረሰ፣ ምንም ባያምሽም፣ ሄደሽ ታዪ። የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ሲላቀቅ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። የደም አይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ደሞ ሰውነትሽ የልጁን ደም እንዳይዋጋ የሚከላከለው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያስፈልግሽ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ንገሪያቸው።

8. በአውሮፕላን

አብዛኞቹ አየር መንገዶች አንድ ልጅ ከሆነ እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ከሆነ እስከ 32ኛው ሳምንት አካባቢ ያሳፍራሉ፣ ብዙዎቹ ደሞ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሀኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የያንዳንዱ ህግ ስለሚለያይ ትኬት ሳትቆርጪ የራሳቸውን ህግ አንብቢ። ደብዳቤው ላይ ስንት ሳምንትሽ እንደሆነ፣ የመውለጃ ቀንሽ፣ አንድ ወይ መንታ መሆኑ፣ እርግዝናው ችግር እንደሌለበትና መብረር እንደምትችዪ ይጻፍ፣ ቀኑ ቅርብ ይሁን። የመርከብ ሽርሽር ከሆነ አብዛኛው ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በኋላ አይቀበልም።

በበረራ ላይ የውስጡ አየር ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው፣ ጤነኛ እናትና ልጅ ይችሉታል፣ ከባድ የደም ማነስ ላለባት ግን ይከብዳል። የመፈተሻው ማሽን ልጁን አይጎዳም። ጋዝ የሚፈጥር ምግብና ለስላሳ ከዋዜማው ጀምሮ ተይ፣ አየር ላይ ሆድ ይነፋል።

ወንበርሽ መተላለፊያው ጋር ይሁን። ቀበቶው አልበቃ ካለ ማራዘሚያ አለ፣ አስተናጋጇን ጠይቂ። በረራው ከ4 ሰዓት በላይ ከሆነ ባትን የሚይዝ የግፊት ካልሲ ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ አድርጊ፣ በልክሽ የተገዛ ይሁን፣ ጉልበት ስር ተጠቅልሎ የሚያስር ከሆነ ይጎዳል። በየሰዓቱ ተነስተሽ ሂጂ፣ ተቀምጠሽ ደሞ የእግርሽን ጣት ወደላይ ወደታች 20 20 ጊዜ አድርጊ፣ ውሃ በየጊዜው ጠጪ። በፊት ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሀኪምሽ ደም የሚያቀጥን መርፌ ሊያዝልሽ ይችላል፣ አስፕሪን በራስሽ አትውሰጂ። ከጉዞው በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ በተለይ የግራው፣ ድካም ነው ብለሽ አትተኚበት።

9. የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ

ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅሽ ላይ ይሁኑ፦ የክትትል ካርድሽ ዋናውና ፎቶ ኮፒው፣ የአልትራሳውንድና የላብራቶሪ ውጤት፣ የደም አይነት፣ የምትወስጃቸው መድሀኒቶች፣ የሀኪምሽና የምትሄጂበት ሆስፒታል ስልክ፣ ቻርጀር፣ ውሃ፣ ቀለል ያለ የሚበላ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ፓድ። ከ34ኛው ሳምንት በኋላ ለልጁ አንድ ሙሉ ልብስና ብርድ ልብስ ጨምሪ። የጉዞ ኢንሹራንስ ካለሽ ወሊድንና ያለጊዜው የተወለደን ልጅ ይሸፍን እንደሆነ አንብቢው፣ ብዙዎቹ ጸጥ ብለው የሚያልፉት እሱን ነው። ሻንጣ ወደላይ መስቀል የለም፣ ሰው ጠይቂ።

10. ስትደርሺና ስትመለሺ

መንገድ ላይ ንዝረቱና ሀሳቡ የልጁን እንቅስቃሴ ያስረሳል። እኔ እንደደረስኩ ሰው ሳይበዛብኝ አንድ ክፍል ገብቼ በግራ ጎኔ ተኛሁ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ 10 ሞላ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ፣ ወይም ልጅሽ ከለመድሽው አመሉ የተለየ ከሆነ ወደ ህክምና ሂጂ፣ "ነገ አያለሁ" የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም። በዛው ቀን እረፊ፣ ሰው መጠየቁ ለነገ ይቆይ።

የተሳሳትኩትን ደሞ ልንገርሽ። ሳምንቴን የቆጠርኩት በምሄድበት ቀን ነበር፣ 33። የምመለስበት ቀን ላይ 36 ሞልቶ ነበር፣ ደብዳቤዬም የሶስት ሳምንት ሆኖት ነበርና ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጣ አይታ አለቃዋን ጠራች፣ ወንበር እንኳን ሳላገኝ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ስጠብቅ ሆዴ ጥጥር ማለት ጀመረ። በመጨረሻ አዲስ ደብዳቤ ከዛው ከተማ ሀኪም አስጽፌ በማግስቱ ነው የበረርኩት። ስለዚ ትኬት ስትቆርጪ የመመለሻውን ቀን ያዢና ሳምንቱን ከሱ ቁጠሪ፣ ከ35 በላይ የሚመጣ ከሆነ ጉዞውን አሳጥሪው፣ ደብዳቤሽንም ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት አድርገሽ አስጽፊ፣ የመመለሻውን እዛው ካለ ሀኪም የምታገኚበትን ቀጠሮ ገና ሳትሄጂ ያዢ።